ደጅ የቀሩ ወታደሮች

ዶክተር ሀጀር አብዱልገኒ የአንጀት ካንሰርን አትፈራውም። ሰው ስሙን ላለመጥራት "ያ ክፉ በሽታ" እያለ የሚሸሸውን ነገር እሷ በየጠዋቱ ከሚራባበት ሞቅ ያለ ሳጥን እያወጣች ታየዋለች፣ ትቀልበዋለች፣ ሲያስፈልግም ትሰድበዋለች። የምትሠራው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ ከሥሩ ምግብ ቤት ባለበት ሕንፃ ላይ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ነው፤ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ የጥብስ ሽታ በመስኮት እየገባ የተመራማሪዎቹን ሆድ ያስጮኸዋል። ማዕረጓ ድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ይባላል። አክስቷ እትዬ ሐሚዳ ይህን ለጎረቤት ሲያስረዱ "ዶክተር ከሆነችም በኋላ ትምህርቱ አላለቀላትም" ይላሉ። ነገሩን ከዚህ አሳጥሮ የገለጸው ሰው እስካሁን አልተገኘም።

የምርምሯ ጉዳይ ለማስረዳት ቀላል፣ ለመሥራት አበሳ ነው። በሰው ደም ውስጥ ሰውነትን የሚጠብቁ ወታደሮች አሉ። ካንሰር ደግሞ እነሱን የሚያታልልበት ዘዴ አለው፤ "የቤት ሰው ነኝ" ብሎ ያልፋቸዋል። ኢሚውኖቴራፒ የሚባለው ሕክምና ይህን ማታለያ ያፈርስና ወታደሮቹ ጠላታቸውን እንዲለዩ ያደርጋል። በሌሎች ካንሰሮች ላይ ተስፋ የተቆረጠባቸውን ሰዎች ከአልጋ አስነስቷል። ከአንጀት ካንሰር ግን የሚረታው ጥቂቱን ብቻ ነው። አብዛኛው ዕጢ ዙሪያውን አጥር አጥሮ ይቀመጣል፤ ወታደሮቹ ጠላታቸውን ቢያውቁትም መግቢያ አጥተው ደጅ ይቀራሉ። ሀጀር መጀመሪያ አጥሩን የሚያፈርስ፣ ከዚያ ሕክምናውን የሚያስከትል መንገድ ይዛለች። በአይጥ ላይ ሠርቶላታል።

"በሩን ክፈቱላቸው እንጂ ይገባሉ" ትላለች፣ ስብሰባ ላይም ታክሲ ውስጥም። እንዲህ ስትል አገጯ ከፍ ይላል፤ የሚሰማት ሰው ባይገባውም ያምናታል።

የቀራት አንድ ነገር ነበር፤ ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ያልነካው ትኩስ የሰው ዕጢ፣ ከዚያው ሰው ደም ጋር። እሱ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። እኛ አገር ሰው ሐኪም ቤት የሚደርሰው ሥራ ሥሩንም፣ ጸሎቱንም፣ የጎረቤት ምክሩንም ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሐኪሞች ከቢላዋ በፊት ኬሞውን ያስቀድማሉ።

ዕጢው ሲገኝም ሌላ መሰናክል አለ፤ ይህንን ያስቀመጠችው ራሷ ሀጀር ናት። የኛን ሆስፒታል ኮሪደር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሐኪሙ ከክፍሉ ይወጣል፣ ዘመድ ይከበዋል፣ ቁርጡ እዚያ ይነገራል። ለታማሚው ሲመለሱ "ጨጓራ ነው"፣ "ኪንታሮት ነው"፣ "ድካም ነው" ይባላል። ሀጀር ይህን አትወድም ነበር። ስለዚህ ምርምሩ ሲጀመር በገዛ እጇ እንዲህ የሚል ደንብ ጻፈች፦ ታማሚው የበሽታውን ስም አውቆ ራሱ ካልፈቀደ፣ ናሙናው አይወሰድም። የዘመድ ፊርማ አይሠራም። በዚህ ደንብ ምክንያት ጥሩ ጥሩ ናሙናዎች አምልጠዋል። ታማሚዎችን የሚያነጋግረው ባልደረባዋ ኢዮስያስ ሊለምናት ቢሞክርም "የሰው ገላ የራሱ ነው" ብላ መልሳዋለች።

እንግዲህ የአባቷ ነገር የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ጋሽ አብዱልገኒ ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን በደሴ መስመር አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ከመናኸሪያው መራቅ አቃታቸውና ላምበረት ላይ ጎሚስታ ቤት ከፈቱ። ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ጎማና ሽምግልና ነው ሥራቸው። ሲጸዳዱ ደም እንደሚያዩ ለማንም ሳይናገሩ ከርመው፣ ኪንታሮት ነው ብለው ከአንድ መድኃኒት አዋቂ ቅባት ሲገዙ ሀጀር ሰማች። እጃቸውን ይዛ ወሰደቻቸው፤ ትልቁ አንጀታቸው በካሜራ ታየ። ሐኪሙ ሲወጣ ሀጀርን በዓይኑ ጠቀሳት። ወደ ኮሪደሩ ተከትላው ወጣች።

ካንሰር ነበር። ወደ ሌላ አካል የዘለቀ አይመስልም፤ ቶሎ በቀዶ ጥገና ከወጣ ጥሩ ተስፋ አለው። ቀኑም ለቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ ተቆረጠ።

በዚያው ሳምንት ቦሌ ሚካኤል እትዬ ሐሚዳ ቤት ቤተሰቡ ተሰበሰበ። እትዬ ሐሚዳ የጋሽ አብዱልገኒ ታላቅ እህት ናቸው፤ ቃላቸው አይታጠፍም።

"ወንድሜን አውቀዋለሁ" አሉ። "ስሙን የሰማ ዕለት በሽታው ሳይሆን ድንጋጤው ነው የሚገድለው። ኪንታሮቱ ስለበዛ ይቆረጣል በሉት። አለቀ።"

የሀጀር ታናሽ ወንድም ሱፍያን አለቀሰ። ሀጀር ውጭ አገር ፕሮፌሰር ፊት ቆማ የምትከራከር ሴት ናት፤ ለስንቱ ቤተሰብ "እውነቱን ንገሩት" ስትል የኖረች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው። ቀና ብላ አክስቷን አየች፣ ወንድሟን አየች፣ "እሺ" አለች።

አባቷም ኪንታሮት ነው ተባሉ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ ጋሽ አብዱልገኒ፣ "ልጄ እያለች ምን ያሳስበኛል።" ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚባለው ተረት ሀጀር ጆሮ ላይ ሲጮህ ዋለ።

ሰኞ ጠዋት ቤተ ሙከራ ስትገባ ግን ፊቷን አሳምራ ነው። ኢዮስያስ ሳህኖቹን እየደረደረ ነበር።

"ሐሙስ ዕጢ አለልን" አለችው። "ኬሞ ያልነካው። ደሙንም እናገኛለን።"

"አትቀልጂ! በቃ ፔፐሩ አለቀ በይኛ!" ከወንበሩ ተነሳ። "ታማሚው ማነው? ዛሬውኑ ሄጄ ላናግረው።"

"ማናገር አያስፈልግም። ሱፍያን ይፈርማል።"

"ሱፍያን ማነው ደግሞ?"

"ወንድሜ።"

ኢዮስያስ የያዘውን ሳህን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ጋሽ አብዱልገኒን ያውቃቸዋል፤ የመኪናውን ጎማ የሚያሠራው እሳቸው ጋ ነው። ታማሚው ማን እንደሆነ ገባውና፣ "ሀጁ፣ እግዜር ይማርልሽ" አላት። ቀጥሎም፣ "አያውቁም ማለት ነው?"

"አያውቁም።"

"እንግዲያው አይሆንም። ሩሉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ስንት ሰው አስመልሰሽብኛል እኮ! አሁን ያንቺ ሲሆን ልዝለለው?"

ሀጀር ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ክርክሩ ግን የራሷ ነበር። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

"ናሙናውን እርሺው" አላት፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። "ሌላ ይገኛል። ግን ንገሪያቸው። ሐሙስ ሆዳቸው ሲከፈት ለምን እንደሆነ ይወቁ።"

ያን ቀን ሀጀር ሥራ አልሠራችም። መንገር እንዳለባት ገብቷታል። ያልገባት ለምን እንደምትነግራቸው ነው፤ ለአባቷ ብላ ነው ወይስ ለዕጢው? ሁለቱን መለየት አቃታት። በራሷ አፈረች፣ ክፉኛ አፈረች።

ማክሰኞ ከሰዓት ላምበረት ስትደርስ ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ አንድ ሹፌር ቆሞ እጁን እያወናጨፈ ለጋሽ አብዱልገኒ ክስ ያሰማል። የሥራ ባልደረባው ተሳፋሪ እየቀማው ነው ይላል። ጋሽ አብዱልገኒ ጎማ ላይ ተቀምጠው አዳመጡና፣

"እሱ የት አለ?" አሉ።

"እሱማ ምን ፊት አለውና ይመጣል!"

"እንግዲያው ሻይህን ጠጣና ሂድ። ሁለታችሁም ስትኖሩ እንነጋገራለን። ባለጉዳዩ በሌለበት ነገር አልሰማም።"

ሀጀር ይህን አባባል ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች። የዛሬው ግን እንደ መርፌ ወጋት። ሹፌሩ እስኪሄድ ጠበቀችና አጠገባቸው ካለው ጎማ ላይ ተቀመጠች። በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ረጅም መግቢያ ነበራት፤ ሁሉም ጠፋባት።

"አባ፣ ኪንታሮት አይደለም።"

ጋሽ አብዱልገኒ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ነበር። "ምንድን ነው ታዲያ?"

"ካንሰር ነው። የአንጀት ካንሰር።"

ተነሥተው ኮምፕሬሰሩን አጠፉት። ቤቱ ጭር አለ። ተመልሰው ተቀመጡና፣ "አንቺ የምትሠሪበት?" አሉ።

"አዎ። እኔ የምሠራበት።"

"ከሰው ሁሉ እኔን መረጠኛ።" ሊስቁ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። "ማን ያውቃል?"

"ሱፍያን ያውቃል። እትዬ ሐሚዳም ያውቃሉ።"

"የት ነው የመከራችሁት?"

"እትዬ ሐሚዳ ቤት።"

"እኔስ የት ነበርኩ?"

"እዚህ" አለች ሀጀር።

ጋሽ አብዱልገኒ በበሽታው ስም ያልገረጣው ፊታቸው አሁን ተለወጠ። "የሰው ሁሉ ጉዳይ እዚህ ይመጣል" አሉ። "የባልና ሚስቱ፣ የሹፌርና የረዳቱ። በገዛ ሆዴ ጉዳይ ስትመክሩ ግን እኔን ደጅ አስቀራችሁኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።"

"ንቀት አይደለም፣ አባ። ፈርቼ ነው።"

"ምኑን?"

"እንዳላጣዎት።" ይህን ብላ አለቀሰች፤ መንገደኛ እያያት፣ ሳትሸፋፈን፣ እንደ ልጅነቷ። አባትየው እጃቸው በቅባት መቆሸሹን አይተው ጭንቅላቷን በክንዳቸው ነካ አደረጉት።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ ስለ ታማሚው ብቻ ይመስለኝ ነበር" አሉ። "ዘመድም ይደብቃል ለካ። በይ አሁን ንገሪኝ። ሁሉንም፣ አንድ ሳታስቀሪ።"

ነገረቻቸው። የጎማ ቀዳዳ የሚያመለክቱበትን ጠመኔ አነሳችና የቆመ ጎማ ላይ ዕጢውን ክብ አድርጋ ሣለች፤ ዙሪያውን አጥር፣ ከአጥሩ ውጪ ደግሞ ብዙ ነጥቦች። እንባዋ ሳይደርቅ ድምፅዋ ተመለሰላት፣ አገጯም ከፍ አለ። ስለ ሥራዋ ስትናገር ማዘን አይሆንላትም።

"እነዚህ ነጥቦቹ ምንድን ናቸው?"

"የእርስዎ ወታደሮች ናቸው። ጠላቱን አውቀውታል፤ አጥሩ አላስገባ ብሏቸው ነው።"

ጋሽ አብዱልገኒ ጎማውን ደህና አድርገው አዩት። "ምስኪኖች" አሉ።

"እኔ ልከፍትላቸው ነው የምሞክረው። ከሚወጣው ዕጢ ላይ ቢሰጡን እንሠራበት ነበር። እሱን ግን እኔ አልጠይቅዎትም፤ ኢዮስያስ መጥቶ ይጠይቅዎታል።"

"አንቺ ለምን አትጠይቂኝም? አፍ የለሽም?"

"እኔ ከጠየቅኩዎት እምቢ ማለት አይችሉም።"

ጋሽ አብዱልገኒ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩዋት። "ለኔስ ይጠቅመኛል?"

ደንቡ ላይ ይህን መልስ የጻፈችው እሷ ናት። ጮክ ብላ ተናግራው ግን አታውቅም፤ ሁልጊዜ የሚናገረው ኢዮስያስ ነበር። ምላሷ ላይ ከበዳት።

"ላይጠቅምዎ ይችላል። ለእርስዎ የሚጠቅመው ቀዶ ጥገናው ነው። ይኼ ከእርስዎ በኋላ ለሚመጡት ነው።"

"እሺ" አሉ። "ጓደኛሽን ላኪው። አስቀድሞ ግን እትዬንና ሱፍያንን ጥሪልኝ።"

በዚያው ምሽት ጎሚስታ ቤቱ ውስጥ ሁለተኛው ምክክር ተካሄደ። ጋሽ አብዱልገኒ መሀል ላይ ተቀመጡና ሁሉም የበሽታውን ስም አንድ በአንድ እንዲጠሩ አዘዙ። ሱፍያን ጠራ። እትዬ ሐሚዳ "ያ ነገር" ብለው ሊያልፉት ሲሉ ወንድማቸው እጃቸውን አነሱ። "ስም አለው፣ እትዬ። ጥሪው።" እትዬ ሐሚዳ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጣራውን አዩ፣ ጎማውን አዩ፣ በመጨረሻም "ካንሰር" አሉና ወዲያው "አላህ ይያዝልን" ጨመሩበት። ማንም አልሞተም።

ኢዮስያስ ረቡዕ ሄዶ ሲመለስ ሸሚዙ በላብ ርሷል። "እንዲህ ያለ ታማሚ አይቼ አላውቅም" አላት። "እኔ ልጠይቃቸው ሄጄ እሳቸው መረመሩኝ። ፈቅደዋል፤ ግን ሁለት ነገር አስረውብኛል። አንደኛ፣ ከገላ የተቆረጠ ነገር አፈር ይልበስ እንጂ አይጣልም፤ ስለዚህ የተረፈውን እንመልሳለን።"

"ልክ ናቸው። ሁለተኛውስ?"

"ውጤቱን ከማንም በፊት ለሳቸው። ጥሩም ቢሆን መጥፎም።"

ሐሙስ ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ኢዮስያስ ዕጢውን በቀዝቃዛ ሳጥን ይዞ በቦሌ የመኪና ሰልፍ መሀል እየተማጸነ ደረሰ፤ ሀጀር ጓንቷን አጥልቃ በር ላይ ትጠብቀው ነበር። ሳጥኑን ስትከፍት ለአፍታ የአባቷ ገላ መሆኑን አሰበች፤ ከዚያ ሥራዋን ያዘች። ቀጫጭን አድርጋ ቆረጠችው፣ በሳህኖች ላይ አከፋፈለችው፣ ከአባቷ ደም የወጡትን ወታደሮች ጨመረችበት። አንዱን ክፍል እንዲሁ ተወችው። ለአንዱ ኢሚውኖቴራፒውን ብቻ ሰጠችው። ለሦስተኛው መጀመሪያ አጥር አፍራሹን፣ ከዚያ ኢሚውኖቴራፒውን። ሳህኖቹ ላይ የምስጢር ምልክት አደረገችና ማይክሮስኮፑን ለኢዮስያስ ለቀቀችለት።

"የገቡትን አንተ ቍጠር" አለችው። "የኔ ዓይን የሚያየው የሚፈልገውን ነው።"

የተረፈውን ሱፍያን ተቀበላት። በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ መቃብር ቦታ ወሰደው፣ በገዛ እጁ ቆፍሮ አፈር አለበሰው። ሲመለስ አላለቀሰም፤ "ቢያንስ ይኼን ቀበርነው፣ አባን አይደለም" ነው ያላት። ሀጀር ወንድሟ እንዲህ የሚናገር ሰው መሆኑን አታውቅም ነበር።

ውጤቱ ለመታየት ቀናት ወሰደ። አንድ ጠዋት ኢዮስያስ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብሎ የቆጠረውን ሰጣት። ሀጀር የምስጢር ምልክቶቹን አንድ በአንድ ፈታቻቸው። እንዲሁ የተተወው ሳህን ላይ ዕጢው እንዳለ አለ። ኢሚውኖቴራፒ ብቻ ያገኘው ላይ ወታደሮቹ ዳር ዳሩን ከበው ቆመዋል፣ አንዳቸውም አላለፉም ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ። ራሷ ጎንበስ ብላ አየች። ዕጢው ውስጥ፣ መሀሉ ድረስ ነበሩ። ዕጢው እየሞተ ነበር።

"ብዬህ ነበር!" አለች፤ ከዚያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ኢዮስያስ እየሳቀ ስልኩን አነሳ። "ለአለቃችን ለፕሮፌሰሩ ልደውልላቸው?"

"አስቀምጥ" አለችው። "ቀጠሮ አለብኝ።"

ሆስፒታል ስትደርስ እትዬ ሐሚዳ የሾርባ ፔርሙዝ ይዘው ከሱፍያን ጋር የአባቷ ክፍል በር ላይ ቆመዋል። ፊቷን ከሩቅ አነበቡት። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና፣ ፔርሙዙን ለሱፍያን አቀበሉና ክንዷን ያዝ አደረጉ።

"ውጤት ነው አይደል? ነይ እስኪ፣ ወደዚህ ወጣ እንበል። መጀመሪያ ለኔ ንገሪኝ፤ እሱ ገና ቁስሉ አልጠገገም።"

ኮሪደሩ እዚያው ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው ቁርጡን የሰማበት፣ ሀጀርም አንድ ቀን የቆመችበት። የአክስቷን እጅ ሳመችና ቀስ አድርጋ ከክንዷ ላይ አነሳችው።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብላ ገባች።

ጋሽ አብዱልገኒ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን የጎሚስታ ቤቱ ዓይን ነው። አጠገባቸው ተቀመጠች።

"አባ፣ ገብተዋል።"

ማንን እንደምትል አልጠየቋትም። "ሁሉም?"

"ሁሉም አይደሉም። ብዙዎቹ። መሀሉ ድረስ።"

"በሳህን ላይ ነው ግን።"

"በሳህን ላይ ነው። ሰው ላይ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረዋል። ለእርስዎ ላይደርስ ይችላል፤ ያንን አልደብቅዎትም። ግን እኔ አደርሰዋለሁ፣ አባ። ይገባሉ ብያለሁ፤ ገብተዋል።" አገጯ ከፍ አለ።

"እሱን አልተጠራጠርኩም" አሉ ጋሽ አብዱልገኒ። "ማን ያውቃል?"

"ኢዮስያስ ቆጠረው። ከዚያ እርስዎ።"

"ፕሮፌሰሩስ?"

"እሳቸው ይጠብቃሉ።"

ጋሽ አብዱልገኒ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሀጀር አሟቸው መስሏት ልትነሳ ስትል እጇን ጠበቅ አድርገው ያዙት፤ አገጫቸው ልክ እንደ እሷ ከፍ ብሏል። ከዚያ ከበሩ ውጪ ቆመው ጆሯቸውን ወደጣሉት ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን አነሱ፦

"እትዬ! ሱፍያን! ምን ደጅ ያስቆማችኋል? ግቡ እንጂ። ባለጉዳዩ እዚህ ነው።"